በገበታው ዙሪያ አምስት እጅ

ማርሳ፣ ማልታ
ኅዳር 3

ለተከበሩ አክስቴ ለሐጃ ሳልሓ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ተጠብቆ፣ ልብዎ ጸንቶ ያግኝዎት። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ጎርፉ ዋዲ ሩማንን ከጠረገ ወዲህ ግን ሬዲዮ ሳልከፍት የተኛሁበት ሌሊት የለም።

ስለ ወኒስ ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ፍራሽ ላይ ያደግን ወንድሜ ነው። ከጠፉት ስም ዝርዝር ውስጥ «ወኒስ፣ የግድቡ ጠባቂ» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን እንደያዝኩ የምሠራበት መጋዘን ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አላህ ይማረው። ነጅማ በዚህ ዕድሜዋ ባሏን ማጣቷ፣ ሩቀያና ሙንዒም ያለ አባት መቅረታቸው ያንገበግበኛል። ሰው ለቅሶ ሲመጣ ማን ከጎንዎ ቆመ? እኔ ነበርኩ መቆም የነበረብኝ።

አሁን ስላሉት ልናገር። የሩቀያ መድኃኒት ከቤቱ ጋር በጎርፉ እንደሄደ መርከበኛው ሙራጅ ነግሮኛል። የስኳር በሽታ ያለባት የሰባት ዓመት ልጅ ያለ ኢንሱሊን ስንት ቀን ትቆያለች? አክስቴ፣ የባሕር ማዶ ጦር መርከቦች ለእርዳታ ወደ እናንተ እየመጡ ነው። ዕቃቸውን የሚጭኑት እዚሁ ማርሳ ነው፤ ዓረብኛ የሚጽፍ ሰው ሲፈልጉ እኔን ቀጠሩኝ። የድንኳን ሆስፒታል፣ የውሃ ማጣሪያና መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ይዘዋል። ጠመንጃም ይዘዋል፤ እሱን እንዳላዩ ይለፉት። ሄደው ይመዝገቡ። የተመዘገበ ቤተሰብ ካርድ ያገኛል፤ በካርዱ ሩቀያ በየሳምንቱ መድኃኒቷን ትወስዳለች።

በካርዱ ግርጌ «የሰጡን ስም ለእርዳታ ብቻ ያገለግላል፤ ለማንም አይተላለፍም» የሚል ጽሑፍ አለ። ወደ ዓረብኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት፣ የእርስዎ ዓይነት ሰው ሳይጠራጠር እንዲያነበው ብዬ። ይመኑት።

ስልኩ እስኪሠራ ድረስ ሙራጅ ምግብ በሚያበስልበት መርከብ፣ ደብዳቤያችንን በዱቄት ጆንያ ውስጥ ያመላልስልናል። የጎደለዎትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሙፍታሕ


ዋዲ ሩማን
ኅዳር 16

ሙፍታሕ ልጄ፣ የወንድሜ ዓይን

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ሰውና ከክፉ ወረቀት ይጠብቅህ። መነጽሬ በጎርፉ ሄዷል፤ ፊደሌ ቢጣመም አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሴት መሆኔን አትርሳና አትሳቅብኝ። መነጽር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላ የምፈልገው የለም።

እንዳልከኝ ሄድኩ። ድንኳኑ ከአሮጌው የዓሣ ገበያ ነው የተተከለው፤ ሽታውን ግን ጦር ሠራዊትም አላሸነፈውም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ጠቃጠቆ የሞላባት ወታደር ተቀምጣለች። አጠገቧ አስተርጓሚ አለ፣ ዓረብኛው ከሩቅ አገር የመጣ።

«ስምሽ?» አለኝ።

«ሐጃ ሳልሓ። እናትህንም ‹ስምሽ› ነው የምትላት?»

ልጅቱ ምን እንዳልኩ ጠየቀችው፤ ሲነግራት እስክትቀላ ሳቀች። ወንበር አስመጣችልኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ልዋሽህ አልችልም።

«በቤቱ ስንት ናችሁ?»

«ቤት አልተረፈም።»

«በድንኳኑስ?»

«ሰው እንደ ፍየል ይቆጠራል እንዴ? ስንት እጅ ወደ ገበታው ይቀርባል በለኝ።»

«እሺ ሐጃ፣ ስንት እጅ?»

«አምስት» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። እኔ፣ ነጅማ፣ ሩቀያ፣ ሙንዒም፤ አራት ነው። በእኛ ቤት ግን ባዚን፣ የገብሱ ገንፎ፣ ሲቀርብ ከቤት የራቀው ሰው ድርሻ ገበታው ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ ይቀመጣል። ለአንተም እናትህ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ስታስቀምጥ ኖራለች። የሚነሳው የሟች ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ልጄን ከቁጥር ባወጣ በገዛ አፌ ገደልኩት ማለት ነው። ስለዚህ «ይማረው» የምትለውን ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።

ሙራጅ የታመነ ስለሆነ ልንገርህ። ግድቡ መሰንጠቁን ወኒስ ሦስት ጊዜ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። ዝም ሲሉት፣ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ጁምዓ ከመስጊዱ ደረጃ ላይ ቆሞ ደብዳቤዎቹን ለሰው አነበበ። በዚያው ቀን የከተማው ጥበቃ ሰዎች ይፈልጉት ጀመር፤ እሱም ወጣ። ጎርፉ ሲመጣ ግድቡ ላይ ያልነበረው ለዚህ ነው። ከጠፉት መሐል ስሙን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አላረምኩም። ወረቀቶቹ አሁንም እሱ ዘንድ ናቸው። ሞቷል ብለው እስካመኑ ድረስ ይተዉታል። የት እንዳለ አትጠይቀኝ።

ሩቀያ መድኃኒቷን አገኘች፤ ፊቷ ተመልሷል። የሰጡን የቆርቆሮ ባቄላ ግን ለፍየሏ ሰጥቻት አሽትታ ሄደች።

አክስትህ ሳልሓ


ማርሳ
ኅዳር 24

አክስቴ

የሰላምታዬን ማጠር ይቅር ይበሉኝ፤ የሙራጅ መርከብ ሊነሣ ነው። ወኒስ በሕይወት መኖሩን ሳነብ አለቀስኩ። ቀጥሎ «አምስት» የሚለውን ሳነብ ግን ብዕር ፍለጋ ሮጥኩ።

ትናንት ሐሙስ አንድ ወረቀት ርዕሱን በዓረብኛ እንድጽፍበት ተሰጠኝ። የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ነው፤ ስም፣ የድንኳን ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት። ርዕሱ «ለከተማው ጥበቃ ክፍል» ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ አክስቴ። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደጻፍኩ የገባኝ። በየሐሙሱ እንደሚሰጥም ነገሩኝ።

እዚህ አንዲት ሻምበል አለች፤ ሥራዋ ጦሩ የሰብአዊ መብት እንዳይጥስ መከታተል ነው። ሮጬ ሄድኩባት። «በካርዱ ላይ ለማንም አይተላለፍም ብለን የለም ወይ?» አልኳት። ሰው አገር በጠመንጃ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሰጡት ደግሞ ዝርዝሩን ጠየቁ፣ አዛዦቹም ተስማሙ አለች። «እኔ ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው» ብላ አንገቷን ደፋች። ለበላዮቿ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። የሷ መጻፍ የወኒስን ደብዳቤዎች አስታወሰኝና ፈራሁ።

ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ድንኳኑ ይሂዱ። ሐዘን አእምሮዬን አዛብቶት ነው፣ አራት ነን ይበሉ። ወኒስ ሞቷል ብለው ይፈርሙ። እናትን ይህን መለመኔን አላህ ይቅር ይበለኝ።

መነጽሩ በዱቄቱ ውስጥ ነው።

ሙፍታሕ


ዋዲ ሩማን
ታኅሣሥ 19

ሙፍታሕ ልጄ

አላህ ያቆይህ። ሃያ አምስት ቀን ዝም ያልኩት ረስቼህ አይደለም፤ ስጽፍና ስቀድ ቆይቼ ነው። የጥበቃ ክፍሉ ሰዎች ደብዳቤህን ቀድመው ደረሱ።

ሁለት ናቸው። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሰዓድ ይባላል፣ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው። አሁን ጢም አብቅሎ ሽጉጥ ታጥቋል። ባዚን ቀርቦ ነበርና «ቢስሚላህ በሉ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ጓደኛው ደጅ ቀረ። በላ። ከዚያ ዓይኑን በገበታው ዙሪያ አዞረ።

«ሐጃ፣ የእኔን ብትተዪው አራት እጅ ነው የማየው። ወረቀቱ አምስት ይላል።»

«ወረቀት ብዙ ይላል።»

«ይሄስ የማን ነው?» አለ፤ ጠርዙ ላይ የተጫነውን እያሳየኝ።

«የሟች ልጄ» አልኩት።

«የሟች ይነሳል ሐጃ። እናቴም እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

ሙፍታሕ፣ የባዕድ ሰው ቢሆን ይህን ከየት ያውቀው ነበር? በገዛ ወጋችን ያዘኝ። ቀጥሎ ነጅማን አያት። ያቺ ሞኝ ጠዋት ዓይኗን ተኩላ ነበር። በዒዳ፣ በባሏ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ትኳላለች?

«ለቅሶውን መቼ ተቀመጣችሁ? ጎረቤት ሆኜ አልሰማሁም።»

«አገሩ ሁሉ ለቅሶ ላይ ሳለ የእኔ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ተነሥቶ ጫማውን ካጠለቀ በኋላ «ልጅሽ ከሞተ አልቅሺለት፤ እኛም መጥተን እናለቅሳለን። ካልሞተ ግን ጥሪው፤ ወረቀቶቹን ይዞ ይምጣ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ የማላውቀው ሰው ከድንኳናችን ፊት ለፊት ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ወደ ነጮቹ ድንኳን ስንሄድም ካርዳችሁ እስኪጣራ ታግዷል ተባልን። ያቺ ጠቃጠቆ ያለባት ልጅ የራሷን ድርሻ የምትሰጠን ይመስል ኪሷን ትዳብስ ነበር። የአሥራ ሁለት ቀን ኢንሱሊን ነው የቀረን፤ በውሃ እንስራ ሥር ቀብሬ አቀዘቅዘዋለሁ።

ምከረኝ። በሕይወት ላለ ልጅ ለቅሶ ይቀመጣሉ? አልችል ብዬ ቆይቻለሁ። ብችል ደግሞ ድንኳን የምሸፍንበት ነጭ ጨርቅ የለኝም። እሱን ላክልኝ።

ሳልሓ


ማርሳ
ታኅሣሥ 27

የማከብርዎ አክስቴ

አላህ ፍርሃትዎን ያቅልልልዎ። ጨርቁን ልኬያለሁ፣ አሥር ሜትር ነው። ሻጩ ለሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።

ያወቅሁትን ሁሉ ሳልቀንስ ልጻፍልዎ። ሻምበሏ ከዚህ ሐሙስ ጀምሮ ዝርዝር እንዳይሰጥ አስቆማለች። ከአዛዡ ጋር በር ዘግተው ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው መጋዘን ድረስ ይሰማ ነበር። እስከዛሬ የተሰጡትን ግን ማስመለስ አይቻልም፤ የእርስዎ ከነዚያ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ጥር 12 ቀን የታመሙ ሕፃናትን ይዛ ወደዚህ የምትመጣ መርከብ አለች። ሩቀያን፣ ነጅማንና ሙንዒምን አስመዝግቤያለሁ፤ ሻምበሏ ራሷ ፈርማለች። ለእርስዎም ጠይቄ ነበር፤ አንድ አስታማሚ ብቻ ይፈቀዳል አሉኝ። ከድንኳኑ በር ወደ ውስጥ ወታደሮቹ ይጠብቋቸዋል። ከበሩ ውጭ ያለው የእነ ሰዓድ ነው፤ እዚያ ላይ ጦሩ ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛ፣ ያንን የካርዱን ጽሑፍ ከአዲሱ እትም እንዳወጣው ታዝዤ ነበር። እምቢ አልኩ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ሻምበሏ «ተወው ይቆይ፤ እውነት ማድረጉ የእኛ ዕዳ ነው» አለች። ጥሩ ሰው ትመስለኛለች። ግን አንድ ጊዜ ይመኑ ብዬዎት የሆነውን አይተዋል፤ አሁን ይመኑ የማለት አፍ የለኝም። የማውቀውን ጻፍኩ፤ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

ስለ ለቅሶው ግን እርግጠኛ ነኝ። ይቀመጡ። ጮኸው ያልቅሱ። ሰዓድ እስኪሰማ ድረስ።

ልጅዎ ሙፍታሕ


ዋዲ ሩማን
ጥር 15

ሙፍታሕ የወንድሜ ልጅ

ልጆቹን በሰላም ተቀብለህ ከሆነ አላህ ደጅህን ያስፋልህ። ይህ ሲደርስህ ሩቀያ አጠገብህ ናት ብዬ ልመን።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሲገቡ ግን፣ እያንዳንዷ ልጅ ወይ ባል በጎርፍ ያጣች ናት፣ ለእነሱ አለቀስኩ። ማቆም አቃተኝ። ነጅማ ኩሏን በአመድ አጥባ ማዕዘን ተቀመጠች።

ወኒስ ለቅሶውን ከሌላ ሰው ሰምቶ እንዳይደነግጥ አስቀድሜ መልእክት አደረስኩት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ለኔ ምን አረዳችሁ? ፍየሏን ከሆነ አዝኛለሁ፤ በግ ይገባኝ ነበር።» ያ ቀልደኛ! ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝና በሻሽ አፈንኩት፤ ሴቶቹ ልቧ ተነካ ብለው ያዙኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰዓድ መጣ። ፋቲሓ ቀራ፤ ተቀመጠ። ባዚኑ ቀረበ። ጠርዙ ላይ የወኒስ ድርሻ ተጭኖ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ሰዓድ እያየኝ እጄን ሰደድኩና አነሣሁት። ሙፍታሕ፣ ትንሽ የገብስ ሊጥ ናት፤ እንደዚያ የከበደኝ ነገር ግን የለም። ለድሃ ልጅ ሰጠሁ። ሰዓድ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ባለወንበሩ አልመጣም። ወደ ነጮቹ ድንኳን ሄጄም አራት ብዬ ፈረምኩ፤ እገዳው ተነሥቶ የሩቀያን መድኃኒት ሰጡን።

ጥር 12 ወደ መርከቡ ሄድን። ከድንኳኑ በር ውጭ ሰዓድ ቆሟል። «ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ባሕር ታቋርጣለች?» አለ።

«ልጅቷ ትሙት ነው የምትለው? ሸሪዓውን እኔ ላስተምርህ? አሊፍን ያስያዝኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ተንበርክኮ ሩቀያን ከረሜላ ሰጣት፤ ስኳር እንደማትበላ አያውቅም።

«ሩቀያ፣ ስንት እጅ ናችሁ ከገበታው?»

ሙፍታሕ፣ አባቷ በሕይወት እንዳለ ታውቃለች። አሥር ቀን ሙሉ እኔ ነኝ ያስጠናኋት፤ ልክ እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ፣ ስትሳሳት እየደገምኩ።

«አራት» አለችው።

«አባትሽስ?»

«ሞቷል።» ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እንባም አመጣች። ራሷን ዳበሳትና አሳለፋቸው።

ዳነች ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባል። ግን እንዴት እንደዋሸች ባየህ! እኔ በሰባ ዓመቴ እንደዚያ መዋሸት አልቻልኩም። በሩ ላይ ዘወር ብላ በጆሮዬ «አያቴ፣ ሞቷል ስላልኩ ይሞታል?» አለችኝ። አይሞትም አልኳት። ወታደሮቹ ወሰዷት። በደንብ እንደሰማችኝ አላውቅም፤ አንተ ንገርልኝ።

እኔ ብቻዬን ነኝ። ወኒስ ደህና ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አክስትህ


ማርሳ
ጥር 26

አክስቴ ሐጃ ሳልሓ

አልሐምዱሊላህ፣ ደርሰዋል። ሦስቱም ከእኔ ጋር ናቸው። ሩቀያ ሆስፒታል አራት ቀን ቆይታ ወጣች፤ መድኃኒቷ በማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ ነው። ነጅማ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ መስኮት ታያለች። ሙንዒም የጎረቤቶቼን ደወል እየደወለ ይሮጣል።

ወደብ ላይ የተቀበልኳቸው እንደ አስተርጓሚ ነው። ያው ካርድ ቀረበ። እርስዎ ያስተማሯት ናትና ሩቀያ ግርጌውን ጣቷን እየሰደደች ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ለማንም አይተላለፍም።» ቀና ብላ «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው?»

አክስቴ፣ መኮንኑ ፊቴ ቆሟል፣ ሻምበሏም ከኋላ አለች፤ አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ የሚለው ቃል አልወጣልኝም። ልጅቱ ጠብቃ ጠብቃ ወደ መኮንኑ ዞረችና ማንም ሳይጠይቃት «አባቴ ሞቷል» አለችው። እኔም ተረጎምኩ። ሻምበሏ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ያዘዙኝን ነገርኳት፤ ሞቷል ስላልሽ አይሞትም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አመነችኝ ግን አልልም።

ትናንት ምሳ ባዚን ሠራሁ። ሊጡ ቀጥኖብኝ ነጅማ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችብኝ። ከበን ተቀመጥን፣ አራት እጅ። ሩቀያ ዝም ብላ ከሊጡ ቆረሰች፤ ጠርዙ ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «የአያቴ» አለች። ሌላ ቆረሰች፤ ከጎኑ ተጫነች። የማን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅሁም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

ሩቀያ የእርስዎን ተወችው። ሁለተኛውን አንሥታ ሳታኝክ ዋጠችው፤ በመዳፏም ቦታውን ጠረገች። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ እያየች ተቀመጠች።

ጎረቤቴ ድስት ሊመልስ ነበር የመጣው።

የወንድምዎ ልጅ
ሙፍታሕ